በእንግዳ ሳምንት የመጣችው እናት

ይህን ታሪክ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ብል እዋሻለሁ። ሦስት ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ግን ራሴን አሳምሬ ነው። አንዴ የተገደድኩ አስመስዬ፣ አንዴ ነገሩ ያልገባኝ አስመስዬ፣ አንዴ ደግሞ ጭራሽ እኔ እዚያ እንዳልነበርኩና ከሰው እንደሰማሁ አድርጌ። አሁን እንደነበረ ልጻፈው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ብትረግሙኝም አልቀየማችሁም።

አመነች እባላለሁ፤ የከምባታ ልጅ ነኝ። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። እንደ አገሬ ልጆች ሁሉ ሥራ ፍለጋ መጥቼ፣ ሰበታ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ እሠራ ነበር። የምኖረው ቡራዩ ከአክስቴ ጋር ስለነበር በየቀኑ ሦስት ታክሲ እቀያይራለሁ። ፋብሪካ ውስጥ ስሜን የሚያውቀው የፈረቃ ኃላፊዬ ብቻ ነበር፤ እሱም ሲቆጣኝ ነው የሚጠራኝ። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ግን ሰው ነበርኩ። እንግሊዝኛ እችላለሁ፤ ተርጓሚ ነኝ።

ተርጓሚ ስላችሁ ቢሮ ተቀምጦ ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው እንዳይመስላችሁ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ተርጓሚ ከሰባኪው ጎን መድረክ ላይ ይቆማል። ሰባኪው ሲጮኽ ይጮኻል፤ ሲያለቅስ ያለቅሳል፤ እጁን ሲያነሳ ያነሳል። እንግዳው አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ተርጓሚው ሦስት ቢያደርገው «ጸጋ አለበት» ይባላል እንጂ «ጨመረ» የሚል የለም። እኔም ጸጋ አለብኝ ይባል ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን እደብቃችኋለሁ።

የሕፃናት ማሳደጊያው ከቡራዩ ወጣ ብሎ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ባሕር ዛፍ መሐል ነበር። ሠላሳ አንድ ልጆች ነበሩበት። የሚመሩት ጋሽ መልካሙ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ልጅ ሲታመም ራሳቸው አዝለው ጤና ጣቢያ የሚሮጡ፣ ለልጆቹ ፀጉር የሚቆርጡ ሰው ነበሩ። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ እኔም ባልታዘዝኳቸው ነበር።

በዓመት ሁለት ጊዜ ከባሕር ማዶ እንግዶች ይመጣሉ። ሰባት ወይም ስምንት ሆነው፣ ተመሳሳይ ቲሸርት ለብሰው፣ ፊኛና መዝሙር ይዘው። አንድ ሳምንት ከልጆቹ ጋር ይጫወታሉ፤ ያቅፋሉ፤ ያለቅሳሉ፤ ከዚያ የመመገቢያ አዳራሹን ግድግዳ ቀለም ቀብተው ይሄዳሉ። ያ ግድግዳ በየስድስት ወሩ ስለሚቀየርለት፣ በግቢው ውስጥ ከሁላችንም የተሻለ የለበሰ እሱ ነበር። ሳምንቱን «የእንግዳ ሳምንት» እንለዋለን፤ እኔም ከፋብሪካው ፈቃድ ወስጄ በነፃ እተረጉማለሁ።

የእንግዳ ሳምንት ደንብ ነበረው። ከሠላሳ አንዱ ልጆች አባትም እናትም የሞቱባቸው ዘጠኝ ብቻ ናቸው። የሌሎቹ እናት ወይም አባት በሕይወት አለ፤ አንዷ ገላን መጋዘን ውስጥ እህል ታበጥራለች፣ አንዱ ኮዬ ፈጬ ዘበኛ ነው፣ ሌሎቹም እንደዚያው። ችግር ነው ያመጣቸው። በእንግዳ ሳምንት ግን ሠላሳ አንዱም ወላጅ የላቸውም። ወላጆቹም ያውቁታል፤ በዚያ ሳምንት ድርሽ አይሉም። ልጆቹ ምስክርነት ሲሰጡ «እናቴ ሞታለች፣ ኢየሱስ ግን አልተወኝም» ይላሉ። እንግዳ ሲሄድ እናቶቻቸው ይነሣሉ።

«ፈረንጅ ድሃ አይረዳም፤ ወላጅ የሞተበትን ነው የሚረዳው» አሉኝ ጋሽ መልካሙ መጀመሪያ ስጠይቃቸው። «እናቱ ስለቸገራት ነው የመጣው ብል፣ ‹ታዲያ እናቱን ለምን አትረዱም?› ይሉኛል። እናት ለመርዳት ደግሞ ማንም በአውሮፕላን አይመጣም፣ ልጄ።»

እውነታቸውን መሰለኝ። ተውኩት።

ሲፈን ስምንት ዓመቷ ነበር። ከሱሉልታ ነው የመጣችው። አባቷ በሕፃንነቷ ሞቷል፤ እናቷን ሎሚን ደግሞ መድኃኒት የማይበግረው የሳንባ ነቀርሳ ያዛት። ሕክምናው ሁለት ዓመት ሊጠጋ ይችላል፣ ከልጅሽ ራቂ ስትባል፣ እስክድን ብቻ ብላ ልጇን ለጋሽ መልካሙ ፈርማ ሰጠቻቸው። አልፎ አልፎ ሲሻላት፣ አፏን በጭምብል ሸፍና ትመጣና ከአጥሩ ውጭ ትቆማለች። ሲፈን ከውስጥ፣ እሷ ከውጭ፣ በመሐላቸው አሥር እርምጃ የሚያህል ሣር። «አዮ!» ትላታለች ሲፈን፤ በኦሮምኛ እናቷን እንደዚያ ነው የምትጠራት። እናትየው እጇን ታውለበልባለች፤ ብዙ አታወራም፤ ሳሉ ስለሚነሣባት። በነዚያ ሁሉ ወራት አንድም ቀን አልተቃቀፉም።

ሲፈን ድምፅ ነበራት። ስለዚህ የመዘምራኑ መሪ እሷ ነበረች፤ ምስክርነትም ቀድማ የምትሰጠው እሷ። እንግዳ ሁሉ ይወዳታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሊንዳ የምትባል፣ ለሁለተኛ ጊዜ የመጣች፣ ፀጉሯ የሸበተ ደግ ሴት። የሲፈንን ፎቶ ማቀዝቀዣዋ ላይ እንደለጠፈችና ቤተ ክርስቲያኗ ያሉ ሰዎች በየቀኑ በስሟ እንደሚጸልዩላት ነግራኛለች። ለእኔም «መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ እንድትማሪ ግብዣ እጽፍልሻለሁ» ብላኛለች። ይህን የማነሳው ራሴን ለመከላከል አይደለም፤ ያኔ ሆዴ ውስጥ ምን እንደነበረ እንድታውቁ ነው።

አርብ ረፋዱ ላይ ነበር። እንግዶቹ በማግስቱ ሊሄዱ ስለሆነ የስንብት ፕሮግራም ላይ ነበርን። ልጆቹ ሜዳው ላይ ተሰልፈው ሊዘምሩ ሲሉ፣ የተከራየነውን ወንበር የሚያወርደው መኪና እንዲገባ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። መኪናውን ተከትላ አንዲት ሴት ገባች።

መጀመሪያ አላወቅኳትም። ፊቷን ሙሉውን አይቼው ስለማላውቅ ነው። ጭምብሉ የለም። አዲስ ሹራብ ለብሳለች፤ በአንድ እጇ ትልቅ የራጅ ፖስታ፣ በሌላው ወተት የሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ ይዛለች። አጠገቤ ስትደርስ ነው ሎሚ መሆኗ የገባኝ።

«እህቴ፣ ዳንኩ!» አለችኝ። እንባዋ ይወርዳል፤ ትስቃለችም። «ትናንት ጨረስኩ። ‹ንጹሕ ነሽ፤ ልጅሽን መሳም ትችያለሽ› አሉኝ። ሱሉልታ የከብት እርባታ ውስጥ ላም አልባለሁ፤ ክፍልም ሰጥተውኛል። ልወስዳት ነው የመጣሁት። የት አለች?»

ወላጆች በዚያ ሳምንት እንዳይመጡ ሁሉም ተነግሯቸዋል። ለእሷ ማን ይንገራት? ከሐኪም ቤት ወደ ከብት እርባታው ስትመላለስ ነው የከረመችው።

ጋሽ መልካሙ ከየት እንደመጡ ሳላይ ክርኔን ይዘው ወደ ጎን ሳቡኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ሊንዳ እየመጣች ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። «ልጇ የሞተባትና አእምሮዋ የተነካ ሴት ናት በያት። ዛሬን ብቻ! ነገ ይሄዳሉ፤ ሰኞ ልጇን ትወስዳለች፤ ማን ይጎዳል?»

«ጋሼ፣ እንዴት ብዬ…»

«አመነች! የሌሎቹን ሠላሳ እንጀራ እንዳትዘጊ።»

ሊንዳ ደረሰች። ሎሚ ስታለቅስ ስላየች ዓይኗ ወዲያው እንባ አቅርሯል። «ይህች ማን ናት? ምን ሆና ነው?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

አያችሁ፣ መቃወም የምችልበት ደቂቃ ያ ነበር። አንድ ትንፋሽ የሚያህል ጊዜ። እኔ ግን ለዓመታት ያሠለጠንኩት ምላስ ነበረኝ፤ ሰው የሚፈልገውን አሳምሮ የሚያቀርብ ምላስ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ልጇ የሞተችባት ሴት ናት። ከዚያ ወዲህ አእምሮዋ ታውኳል። እየመጣች ልጄ እዚህ ናት ትላለች» አልኩ። ድምፄ ላይ ሐዘን ጨመርኩበት። ጸጋ ነዋ!

ሎሚ ፈረንጇ ስለ እሷ እንደጠየቀች ገብቷታል። ወደ እኔ ዞራ «ንገሪልኝ» አለች። «በሽታ ላይ ሳለሁ ልጄን ያበላችሁልኝ፣ ያለበሳችሁልኝ እናንተ ናችሁ በያት። ምንም የለኝም፤ ከማልባት ላም ነው ብለሽ ይህን ወተት ስጫት።»

ጠርሙሱን ተቀብዬ ለሊንዳ ሰጠኋት። «ለሞተችው ልጇ ያመጣችው ወተት ነው» ብዬ ተረጎምኩ።

ሊንዳ ጠርሙሱን ደረቷ ላይ አቅፋ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ሌሎቹን ጠራቻቸው። ሰባቱም መጡና ሎሚን ከበቧት፤ ጺማሙ መሪያቸው እጁን አናቷ ላይ ጫነ። የጸሎት ጊዜ መሆኑ ነው። «የሐዘን መንፈስ፣ አእምሮ የምታውክ የውሸት መንፈስ፣ ይህችን ሴት ልቀቅ!» እያለ ይጮኽ ጀመር።

«ምን እያሉ ነው?» አለችኝ ሎሚ ከሥር ቀና ብላ።

«ስለዳንሽ እግዚአብሔርን እያመሰገኑ ነው» አልኳት።

ተንበረከከች። አዲሱ ሹራቧ አቧራ ነካው። ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ «አሜን! አሜን! ገለኒ ዋቀዮፍ!» አለች፤ ምስጋና ለአምላክ ይሁን ማለቷ ነው። መሪው መንፈሱን ሲገሥጽ እሷ ታመሰግናለች። እሱ «ልቀቃት!» ሲል እሷ «አሜን!» ትላለች። እኔም «አሜን» አልኩ። ምድር ተከፍታ ያልዋጠችኝ ምን እስክሆን ጠብቃ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ሊንዳ ግን እንባዋን ጠርጋ ወደ መዘምራኑ ሄደች። ከሠላሳ አንዱ ልጆች መሐል የምትወዳትን መረጠች። የሲፈንን እጅ ይዛ መጣችና «ይህችኛዋ እናት የላትም፤ ያቺኛዋ ልጅ የላትም» አለችኝ። «ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ይተቃቀፉ። ንገሪያቸው።»

ሲፈን እናቷን ገና በሩ ላይ አይታታለች። ወደ ሎሚ አልተመለከተችም፤ የተመለከተችው እኔን ነው። ዓይኗ ይጠይቀኛል፦ ልሂድ? ልጥራት? ደንቡ እንዴት ነው?

«ሲፈን፣ እንግዶች አሉ» አልኳት።

ይህን ቃል ልጆቹ ሁሉ ያውቁታል። ሲፈን በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። ሎሚ «ኢንተላ ኮ! ልጄ!» ብላ እንደ እብድ ተንደርድራ አቀፈቻት። ለሁለት ዓመት ግድም ያልተነካች ልጅ ነች፤ አንገቷን፣ ፀጉሯን፣ ጆሮዋን ሳመቻት። ሲፈን እጆቿ ወደ ታች እንደተንጠለጠሉ፣ እንጨት ሆና ቆመች። የሊንዳ ጓደኞች ፎቶ አነሷቸው። ሎሚ ስትለቃት፣ ልጅቷ ጎንበስ ብላ፣ ለሞግዚቶቹ እንደምትለው ጥርት ባለ ድምፅ «አመሰግናለሁ፣ እትዬ» አለች።

የሎሚ ፊት ላይ ያየሁትን ልገልጸው አልችልም። ወደ እኔ ዞረች። «ረሳችኝ እንዴ?»

«አፍራ ነው» አልኩ።

«እውነቷን ነው» አለች፤ ራሷን እያጽናናች ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ጭምብሉን ለምዳ ነው። ፊቴን ረስታው ነው።»

ጋሽ መልካሙ ትከሻዋን ደገፍ አድርገው ወደ በሩ ሸኟት። ሰኞ ጠዋት መጥታ፣ ወረቀት ተፈራርማ እንድትወስዳት ነገሯት። እየደጋገመች እጅ እየነሣች፣ እያመሰገነች ወጣች።

ከምሳ በኋላ ሲፈን ቧንቧው ጋ ሳህን ሳጥብ መጣችና ቀሚሴን ጎተተችኝ።

«ጥሩ አደረግሁ አይደል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«አልጠራኋትም እኮ። አላለቀስኩም። አሁን አዮ ትወስደኛለች?»

እዚያው ሳህኑን ጥዬ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ በፊት የበደልኩት ሰው መኖሩን አውቅ ነበር፤ እዚያ ግን ማን እንደሆነ ገባኝ።

በማግስቱ እንግዶቹ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሊሄዱ ሲሉ ሊንዳን ማረፊያ ቤታቸው በረንዳ ላይ ለብቻዋ አገኘኋትና ሁሉንም ነገርኳት። እየተንተባተብኩ፣ ያለ ምንም ጸጋ። ሴትየዋ እናቷ ናት፤ ዋሽቼሻለሁ፤ አእምሮዋ ጤነኛ ነው፤ ወተቱን ያመጣችው ለአንቺ ነው።

«እናቷ የሞተችበትን ቀን ራሷ ሲፈን እያለቀሰች ነግራኛለች» አለች። «አንቺ አይደለሽ የተረጎምሽልኝ?»

«አዎ። እሱንም ዋሽቼ ነው።»

«ለቤተ ክርስቲያኔ ሰዎች ምን ብዬ ልንገራቸው?» አለች፤ እኔን ሳይሆን ራሷን ነው የጠየቀችው። ጉንጬን ዳበሰችኝ። «አመነች፣ ሳምንቱ አድክሞሻል። የትላንቷ ሴት ሐዘን ነክቶሽ ነው።» ዓይኗን ጨፍና እጇን አናቴ ላይ ጭና ጸለየችልኝ። ጸሎቱን ላለመስማት ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። መኪናው ጥሩምባ ነፋ፤ ሄደች።

ደግ ሴት ስለሆነች ግን ነገሩ ሳይከነክናት አልቀረም። ከአውሮፕላን ማረፊያ ለጋሽ መልካሙ ደውላ ጠየቀቻቸው። ይህን ያወቅሁት ማታውኑ ስልኬ ላይ «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ግቢ እንዳላይሽ» ሲሉኝ ነው። ሌላውን ያወቅሁት ደግሞ ሰኞ።

ሰኞ ለፋብሪካው ታምሜያለሁ ብዬ ማሳደጊያው በር ላይ ስደርስ ሎሚ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የልጅ ጫማ በፌስታል ይዛለች። ዘበኛው አያስገባትም።

«የለችም ይሉኛል» አለችኝ። «ልጄ የት ትሄዳለች?»

ዘበኛው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ትናንት በመኪና ሰበታ ወሰዷት» አለኝ። «የማሳደጊያው ትላልቅ ሴት ልጆች የሚኖሩበት ቤት። ወሬው እስኪበርድ ነው አሉ።»

ወሬው እኔ ነኝ። አፌን ባልከፍት ኖሮ ሎሚ በዚያች ሰኞ ልጇን ይዛ ሱሉልታ ትገባ ነበር። ስዋሽም ልጅቷን ጎዳኋት፤ እውነቱን ስናገርም ጎዳኋት።

ቤቱን አውቀዋለሁ፤ ለሥራ ስሄድ አጠገቡ አልፋለሁ። ሎሚን ይዤ ሰበታ ድረስ ታክሲ እየቀያየርን ሄድን። መንገዱን ሙሉ ስለ ሲፈን ታወራልኛለች፦ ትምህርት ቤት እንዳየችላት፣ ለአንዷ ጥጃ ስም እንድታወጣ ብላ ስም ሳታወጣላት እንደቆየች። እኔ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ መስኮት መስኮቱን አያለሁ።

በሩን የከፈተችልን አንዲት ጎልማሳ ሞግዚት ናት። አታውቀንም። «ያለ ጋሽ መልካሙ ፈቃድ ልጅ አልሰጥም» አለች፤ ልክም ናት። ከዚያ የሎሚን ፊት ስታይ ራራች መሰል፣ ሲፈንን ከውስጥ ጠርታ አመጣቻት። እጇን ይዛ በሩ ላይ አቆመቻትና «ይህችን ሴት ታውቂያታለሽ? እናትሽ ናት ወይ?» ብላ ጠየቀቻት።

ሎሚ ፈገግ አለች። ክንዷን ዘረጋች።

ሲፈን እናቷን አየች። ቀጥላ እኔን አየች። ከእኔ ኋላም፣ መንገዱን፣ ግራና ቀኙን አየች። «አላውቃትም» አለች። «እናቴ ሞታለች። ኢየሱስ ግን አልተወኝም።»

እዚያው አፈሩ ላይ ተንበርክኬ «ሲፈንዬ፣ እንግዶቹ ሄደዋል» አልኳት። «በአውሮፕላን ሄዱ። ማንም የለም። ጥሪያት፤ አዮ በያት!» አንገቷን አስግጋ እንደገና ከኋላዬ ያለውን መንገድ ታያለች። አላመነችኝም። ለምንስ ታምነኛለች? እኔ ባለሁበት ሁሉ እንግዳ አለ። «እናቴ ሞታለች» አለች ደግማ።

ሞግዚቷ ልጅቷን ወደ ውስጥ መልሳ በሩን ዘጋች። እንዲህ የሰማች ሴት ሌላ ምን ልታደርግ?

ሎሚ የተዘረጋ ክንዷን ቀስ ብላ ሰበሰበች። ከተንበረከክሁበት ሳልነሣ ከላይ ሆና ጠየቀችኝ። «አርብ ዕለት ምን ብለሽ ነው የተረጎምሽው?»

ነገርኳት። አንዱንም ሳላስቀር። የሞተች ልጅ ያልኩትን፣ የታወከ አእምሮ ያልኩትን፣ ወተቱን፣ ጸሎቱን። አላቋረጠችኝም።

«ሲጸልዩ እብደቴን ነበር የሚያስወጡት?»

«አዎ።»

«እኔ አሜን ስል አንቺ ትሰሚ ነበር?»

«እሰማ ነበር።»

«አንቺም አሜን ብለሻል?»

«ብያለሁ።»

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትመታኝ እንዴት በተሻለኝ! ጫማውን በፌስታሉ ጠቀለለችና «የአዲሱ ገበያ ታክሲ በየት ነው የሚያዘው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጠቆምኳት። ብቻዋን ወደ ሱሉልታ ተመለሰች።

አምስት ሳምንት ፈጀ። የሎሚ አጎት ኦቦ በዳዳ፣ ሱሉልታ አካባቢ የተከበሩ ገበሬ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና የቀበሌ ወረቀት ይዘው ቡራዩ መጡ። እኔን በምስክርነት አስጠሩኝ። ጋሽ መልካሙ ፊት የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። ኦቦ በዳዳ ከዘራቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «አንቺ ልጅ፣ እናት አለሽ?» አሉኝ።

«አለችኝ፣ አባባ።»

«ሞታለች ብለሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ይህችን ሕፃን ግን አስባልሻት» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ወዲያ አላነጋገሩኝም።

ጋሽ መልካሙ አልተከራከሩም። ሲፈንን ሲያስረክቡ እንባቸው ዱብ ዱብ ይል ነበር። ወጥቼ ስሄድ ተከትለውኝ መጥተው «ሠላሳዎቹን ነገ ማን ያብላልኝ፣ አመነች?» አሉኝ። መልስ ያላችሁ ካላችሁ ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ንገሯቸው። ግድግዳው አሁንም በየስድስት ወሩ ይቀባል፤ ሌላ ተርጓሚ አግኝተዋል። ጎበዝ ናት አሉ።

እኔ መተርጎም ትቻለሁ። ሰው «ጸጋሽን ቀበርሽ» ይለኛል። የግብዣ ደብዳቤው አልመጣም፤ ቢመጣም በየትኛው አፌ እማር ነበር? ፋብሪካዬ ውስጥ ጨርቅ ላይ ስህተት እፈልጋለሁ፤ ሳገኝ ምልክት አደርግበታለሁ። ከሥራዬ ሁሉ የምወደው ይህንን ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት እናንተም እንግዳ ታስተናግዱ ይሆናል፤ ምናልባት ራሳችሁ እንግዳ ሆናችሁ ልጅ ልታቅፉ ትሄዱ ይሆናል። አትሂዱ የማለት መብት የለኝም። ብቻ ልጁ «እናቴ ሞታለች» ሲላችሁ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት በሩ ላይ የቆመ ሰው ካለ እዩ። ለእናንተ ለተርጓሚዎቹ ደግሞ ምንም አልላችሁም። ታውቁታላችሁ።

ባለፈው ዓመት ይቅርታ ልጠይቅ ሱሉልታ ሄድኩ። ለሲፈን የትምህርት ቤት ቦርሳ ገዝቼ ነበር። የከብት እርባታው በር ላይ ለአንድ ሠራተኛ ስሜን ነግሬ አስጠራኋት። ሎሚ ብቻዋን ወጣች። ወፍራለች፤ አምሮባታል። ሳቅ ብላ ጨበጠችኝ፤ ቂም ያለባትም አልመሰለኝም። ግን በሩን ከኋላዋ ገጠም አደረገችው።

«ግቢ ያላልኩሽ ንቄሽ አይደለም» አለች። «ማንንም አላስገባም። ጎረቤትም፣ አጎቴ ኦቦ በዳዳም ቢመጡ ውጭ ነው የማነጋግራቸው።»

«ለምን?»

«ሰው ቤት ሲገባ ‹እትዬ› ትለኛለች። አንድ ሰው ደጃፉን ከረገጠ፣ ውኃ ለመጠጣት እንኳ ቢሆን፣ ብድግ ትልና እጇን አጣምራ ትቆማለች። ‹እናትሽ የት አለች?› ቢሏት ሞታለች ትላለች። እኔ እዚያው ቆሜ! ሰውየው ሲወጣ መስኮት ላይ ሄዳ መሄዱን ታረጋግጥና ‹አዮ› ብላ ትጠመጠምብኛለች።» ቦርሳውን ከእጄ ተቀበለችኝ። «ታላቅ እህቴ ለዘመን መለወጫ እመጣለሁ ብትለኝ አትምጪ አልኳት። እንዲህ ነው የምንኖረው፤ ሁለታችን ብቻ።»

ከበሩ ውስጥ የልጅ ድምፅ ተሰማ። «አዮ! አዮ፣ ማን ነው?»

ሎሚ አፏን በእጇ ሸፍና በጭንቀት አየችኝ። እጇን እያውለበለበች እንድሄድ ምልክት ሰጠችኝ፤ ከዚያ ወደ በሩ ዞራ ጮኽ ብላ መለሰች።

«ማንም የለም፣ ልጄ። ማንም የለም።»